የኡስታ ረጀብ የወር ገቢ

«እስቲ ያቺን ስለ እጁ የምትለዋን ድገማት» አለ ሀጂ ሸዕባን፣ ብርጭቆ የሚወለውልበትን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ።

የረጀብ ጠበቃ ፊክሪ መነጽሩን አስተካከለ። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ያስገለበጠውን ወረቀት ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘና ችሎት ፊት የቆመ ይመስል ድምፁን ጎርነን አድርጎ አነበበ። «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ግለሰብ በሴራሚክ ማንጠፍ ሥራ የሚተዳደር ሲሆን፣ ከአካባቢው ታማኝ ምንጮች እንደተረጋገጠው በሙያው ደካማ ነው። ያነጠፈው ወለል በጥቂት ወራት ውስጥ ይነሳል። አንድ ጊዜ ያሠራው ሰው ሁለተኛ አይጠራውም። በተጨማሪም ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። የወር ገቢው በአማካይ ከሦስት ሺህ ፓውንድ አይበልጥም።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ዓሹር የያዘውን ዶሚኖ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ደረቱን ነፋ።

«የእጁ ነገር የኔ ናት» አለ። «ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው ሰውዬ 'ሙያ ያለው ሰው እንዴት እንዲህ ያጣል?' ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበል? 'እጁ' አልኩት። ከየት እንደመጣችልኝ እኔም አላውቅ።»

«የወለሉ ደግሞ የኔ ናት» አለ ሀጂ ሸዕባን። «'እዚሁ ሽንት ቤቴን አሠርቼው እንደ ብስኩት እየተፈረካከሰ አለቀ' ነው ያልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ረጀብም አብሮ ሳቀ። አለመሳቅ አይችልም፤ ሰዎቹ የዋሹት ለሱ ብለው ነው። የሀጂ ሸዕባንን ሽንት ቤት ግን ያነጠፈው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ እስከ ዛሬ አንዲት ሴራሚክ ንቅንቅ አላለችም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ረጀብ አንዷን ካስቀመጠ በኋላ በላስቲክ መዶሻው መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይጥላል፤ ከሥሯ ክፍት ቦታ ያለ ከመሰለው፣ የቤቱ ባለቤት እየተነጫነጨም ቢሆን፣ ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። ሰዎች ግን እሱን ብለው ሁለት ወር ወረፋ ይጠብቃሉ። ኡስታ ረጀብ የምንለውም ዝም ብለን አይደለም፤ ኡስታ የምንለው ሙያውን ላወቀ ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ውሸት እኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። አባትየው ደሞዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ይጠይቃል፤ የልጅ ቀለቡም ከዚያ ላይ ይሰላል። የእጅ ባለሙያ ሲሆን ግን ገቢውን የሚጽፍለት የለም፤ ስለዚህ ከፖሊስ ጣቢያ አንድ ሰው ይላክና ሰፈሩን ያጠያይቃል። ሰውዬው ሲቪል ለብሶ ነው የሚመጣው፤ እኛም ገና ከመንገዱ ጥግ ብቅ ሲል እናውቀዋለን። እሱ ሻዩን እየጠጣ ይጠይቃል፣ እኛ እንዋሻለን፣ እሱ ይጽፋል፤ የጻፈው የገቢ ማጣሪያ ተብሎ ፍርድ ቤት ይገባል። የሴቶቹን በር አያንኳኳም። ሴቶቹን ቢጠይቅ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እውነቱን እስከ ሳንቲሙ ይነግሩት ነበር። እኔም ከዋሾቹ አንዱ እንደነበርኩ አልደብቅም፤ 'ቁርሱን እንኳ በዱቤ ነው የሚበላው' ያልኩት እኔ ነኝ።

ረጀብና ኢብቲሳም ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በመጀመሪያ ነገሩ በሰላም ነበር። ረጀብ በየሐሙሱ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጎ እነሱ ቤት ሥር ላለው ባለ ሱቅ ይሰጣል፤ ኢብቲሳም ከሥራ ስትመለስ ትወስዳለች። አንድ ቀን ታዲያ መስኮቷ ላይ አዲስ መጋረጃ አየ። 'ለልጄ ብዬ በምሰጣት ገንዘብ መጋረጃ ትገዛለች' ብሎ ፖስታውን አቆመ። መጋረጃው እህቷ የጣለችው አሮጌ እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው። ሦስት ወር ጠበቀችው፤ ከዚያ ከሰሰችው። ረጀብ መጥሪያው ሲደርሰው አበደ። «ቤቱን ለሷ ትቼ ወጥቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ እናቴ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛሁ፣ ጭራሽ ፍርድ ቤት ታቆመኝ?» አለ። ከዚያ እዚሁ ሻይ ቤት መጥቶ ወደ ሀጂ ሸዕባን ጠጋ አለና «ጠያቂ ከመጣ እንግዲህ ታውቃላችሁ» አለው። ሌላ ምንም አላለም። እኛም አወቅን።

«ይሄ ወርቅ ነው» አለ ጠበቃ ፊክሪ፣ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። «ማክሰኞ ችሎት አለን። ዳኛው 'በማጣሪያው ላይ ተቃውሞ አለ?' ይላል፤ 'የለም' እላለሁ፤ አለቀ። ከሦስት ሺህ ላይ ቢወስን ቢወስን ሰባት መቶ ነው። ስምንት መቶ ካለ ሲበዛ ነው። የልብሱን፣ የትምህርት ቤቱን ለየብቻ ብትጠይቅ እንኳ የሚታየው ከዚሁ ገቢ አንጻር ነው። ይቺ ወረቀት ለዓመታት ትጠብቅሃለች፣ ኡስታ።»

ረጀብ በልቡ ሰባት መቶውን በሜትር መነዘረው። ከስድስት ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ያለ ሥራ ነው፤ በማለዳ ከጀመረ ከቀትር በፊት ያልቃል።

«ይሄ ወረቀት ሌላ ማን ጋ አለ?» አለ።

«መዝገቡ ውስጥ አለ። ጠበቃዋም ባለፈው እሑድ ኮፒ ወስዳለች። ለኢብቲሳም ሰጥታት ይሆናል።»

«ኢብቲሳም ማንበብ አትችልም» አለ ረጀብ።

«ተገላገልካ» አለ ዓሹር።

ረጀብ ግን አልተገላገለም። ኢብቲሳም ስሟን ከመፈረም በቀር ፊደል አልቆጠረችም። የመብራቱን ሒሳብ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ ከትምህርት ቤት የሚላከውን ደብዳቤ፣ ሁሉንም የምታነብላት ልጃቸው ረህማ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የቤቱ አንባቢ እሷ ናት። ረጀብ ራሱ በዚህ ሲኮራ የኖረ ሰው ነው፤ 'ልጄ አንዲት ቃል አትዘልም' እያለ ያወራልን ነበር። ወረቀቱን ከጠበቃው እጅ ተቀብሎ አየው። ረህማ ወጥ ቤት ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል፣ 'በሙያው ደካማ ነው' የሚለውን ስታነብ ታየው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

«ሒሳቡን ተወው፤ ዛሬም በዱቤ ነው» አለ ሀጂ ሸዕባን። ደግመን ሳቅን።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ረህማን ወደሚያይበት በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ እያለ ስልኩ ጠራ። አንዲት ደንበኛ ነበረች፤ ከባሕሩ ዳር አዲስ ከተሠራው ሕንጻ ውስጥ ቤት የገዛች የሐኪም ሚስት።

«ኡስታ ረጀብ፣ እኔ እኮ አሁንም በሲሚንቶ ወለል ላይ እየተራመድኩ ነው» አለችው። «መቼ ነው የሚመጡት?»

«የያዝኩትን ልጨርስና፣ እመቤቴ። አሥር ቀን።»

«ባሌ ሌላ ሰው እናምጣ ይላል። እኔ ግን የእህቴን ቤት አይቻለሁ። ሌላ ሰው አልፈልግም፣ አሥር ቀንም ይሁን ሃያ እጠብቃለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ስልክ ለሹፌሩም ለረዳቱም ባወራው ነበር። ያን ቀን ግን እንደ ሌባ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ዘጋው።

የተፋቱ ሰዎች ልጆች አባቶቻቸውን የሚያዩት የወጣቶች ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዓርብ ዓርብ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ፣ መረብ የሌለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ፣ በር ላይ መዝገብ ይዛ የምትቀመጥ ሠራተኛ አለች። አባቶቹ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ጭማቂና ቺፕስ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከዚያ ሦስቱን ሰዓት በምን እንደሚገፉት ይጨንቃቸዋል። ግማሾቹ ስልካቸውን ለልጆቻቸው ሰጥተው ይገላገላሉ። ረጀብና ረህማ ግን እንደዚያ አልነበሩም። እሷ የመምህሮቿን አነጋገር እያስመሰለች፣ እሱ የሴራሚክ ቀለም ሦስት ጊዜ ያስቀየረችውን የቤት ባለቤት እያማ፣ ወሬያቸው ሳያልቅ ነበር ሰዓቱ የሚያልቀው።

ያን ዕለት ኢብቲሳም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከተካሰሱ ወዲህ ልጅቷን አስገብታ መንገዱን ትሻገር ነበር እንጂ ቃል አትወጣትም።

«እጅህ እንዴት ነው?» አለችው።

ረጀብ የያዘውን ጭማቂ ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

«ይንቀጠቀጣል ሲሉ ሰማሁ። አሥራ ሦስት ዓመት አብሬህ ስኖር አላየሁበትም፤ ከተፋታን በኋላ ነው መሰለኝ የያዘህ።»

«ኢብቲሳም፣ ሰው ፊት አይሁን።»

«እኔማ ሳቅኩ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እውነቴን ነው፣ ጎኔን እስኪያመኝ ነው የሳቅኩት። እሷ ግን አልሳቀችም።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ መንገዱን ተሻገረችና ከማዶ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠች። ሎሚና ካሮት በጨው ውሃ ዘፍዝፎ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በሳምንት ስድስት ቀን እጇ ጨው ውስጥ ስለሚውል ጣቶቿ ነጣ ብለው ተሸብሽበዋል። ረጀብ እነዚያን ጣቶች ላለማየት መዝገቡ ላይ አቀረቀረና ፈረመ።

ረህማ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ቦታ ይዛ ነበር። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋለች፤ ፊቷ በጋዜጣ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ስትስመው እንደወትሮው አንገቱ ላይ አልተንጠለጠለችም፤ ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው እንደሚሳም ነው የሳመችው።

«ምን ላምጣልሽ?» አላት። «አይስክሬም?»

«ጠግቤያለሁ።»

«ቺፕስስ? ያቺን የምትወጃትን?»

«አባዬ፣ ገንዘብህን አታባክን። ተቀመጥ በቃ።»

ጋዜጣውን ፈታችና ክዳኑን ከፈተች። በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል ነበር፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። «ብላ» አለችው። «ከስተሃል።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«የኔ ድርሻ ነው። ድርሻዬን ደግሞ ለፈለግኩት ሰው ነው የምሰጠው።»

ረጀብ አንዱን ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ፣ ዓይኗ እጁ ላይ እንደተተከለ አየ። ቀኝ እጁ ላይ። እዚያው፣ የፌዝ ያህል፣ እጁ የምሩን ተንቀጠቀጠ። ረህማ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች፤ እንዳየች እንዳያውቅባት ብላ ነው። ያ ፊት ማዞሯ ሻይ ቤት ውስጥ ከተሳቀው ሳቅ ሁሉ ባሰበት። የወይን ቅጠሉን አፉ ውስጥ አደረገው።

«ሒሳብ እንዴት ነው?» አላት፣ ሌላ ወሬ ፍለጋ። «ያ የማታ መምህርሽ አሁንም ይቆጣል?»

«ትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የማታውን ትምህርት። ብቻዬን ማጥናት እችላለሁ። በዚያ ላይ በወር አራት መቶ ፓውንድ ብዙ ነው።»

«ማነው ተይው ያለሽ?»

«ማንም። እማዬማ ትሄጃለሽ ብላ ጮኸችብኝ። ከሱቁ ባለቤት ተበድራም ቢሆን እከፍላለሁ አለች። እኔ ነኝ አልሄድም ያልኩት።»

ረጀብ ጭማቂውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ሊጠይቃት ፈርቶ ነበር፤ ሳይጠይቃትም መቀመጥ አልቻለም።

«ረህማ፣ ያንን ወረቀት አንብበሻል?»

«ሁለት ጊዜ። እማዬ ድገሚው ስላለችኝ።»

«እና?»

ረህማ የጋዜጣውን ጫፍ ትንንሽ እያደረገች ቀደደች። «እማዬ 'ውሸት ነው፤ አባትሽ ነው ያስዋሸው' አለች። ተጣላን። አባዬ ይቆጣል፣ አባዬ ይረሳል፣ አንዴ ልደቴንም ረስቷል፤ ግን አይዋሽም አልኳት። እስከ ትናንት ማታ አላነጋገርኳትም ነበር።»

ረጀብ የጋዜጣውን ቁርጥራጮች በመዳፉ ሰበሰበ።

«ደግሞ ምን አለበት?» አለች፣ አሁን ቀና ብላ፤ ይህን ለመናገር ስትለማመድ እንደሰነበተች ያስታውቃል። «ሰው ሁሉ በሥራው ጎበዝ መሆን አለበት እንዴ? አንተ ትለፋለህ፣ እሱ ይበቃል። እኔ ስፖርት ላይ መጨረሻ ነኝ፤ ማንም ምንም አይለኝም። የመርየምን አባት ታውቀዋለህ አይደል? ጋራዥ ነው የሚጠብቀው። አንድ ሰው ይፈልጋሉ ብላኛለች። ቁጭ ብሎ ነው የሚዋለው፣ እጅ ምናምን አያስፈልገውም። ስልካቸውን ጽፌልሃለሁ።»

ከኪሷ ታጥፎ የተቀመጠ ብጣሽ ወረቀት አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቁጥሩን ላዩ ላይ አሥር ጊዜ እየደጋገመች አድምቃዋለች፤ ለደከመ ዓይን እንዲታይ ነው መሰለኝ።

እዚህ ላይ ረጀብ እውነቱን ቢደብቅ ኖሮ ነገሩ ማክሰኞ ያልቅ ነበር። 'አዎ ልጄ፣ እጄን ያመኛል' ማለት ብቻ ነው። ትወደዋለች፣ ታዝንለታለች፣ ዓርብ ዓርብ ድርሻዋን እያመጣች ታበላዋለች፤ እሱም ሰባት መቶውን እየከፈለ ይኖራል። ኋላ ሲያጫውተኝ 'አዎ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር' ብሎኛል። እውነቱን ከነገራት ደግሞ፣ ያ እናቷን የተጣላችለት አባት ከዛሬ ጀምሮ የለም። ወይ እጀ ሰባራ ሠራተኛ፣ ወይ ውሸታም፤ ልጁ ፊት ሌላ ምርጫ አልተረፈለትም። እዚህ ያደረሰው ደግሞ ራሱ ነው፤ በማን ያሳብባል?

«ደብተር ይዘሻል?» አላት።

«ለምን?»

«ሒሳብ ልስጥሽ።»

ረህማ ግራ ገባት፤ ግን ሒሳብ ሲባል እምቢ አታውቅም። ደብተሯንና እርሳሷን አወጣች።

«አንድ ሰውዬ አለ» አለ ረጀብ። ዓይኑን ከሷ አንስቶ ኳስ የሚያንጥሩት ልጆች ላይ ጣለ። «በቀን አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ያነጥፋል። ለአንዱ ካሬ መቶ አሥር ፓውንድ ይከፈለዋል። በወር ሃያ ቀን ይሠራል።»

«ሃያ ብቻ?»

«ሲሚንቶ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ የቤቱ ባለቤት ሐሳቡን የሚቀይርበት ቀን አለ። ሃያ በይ።»

እርሳሷ መሮጥ ጀመረች። «ሁለት መቶ አርባ ካሬ... ሃያ ስድስት ሺህ አራት መቶ። ብቻውን ነው የሚሠራው?»

«ረዳት አለው። በቀን ሦስት መቶ ሃምሳ ይከፍለዋል።»

«ሰባት ሺህ ተቀነሰ። ሌላ ወጪስ? ጥያቄ ስታወጣ ሁልጊዜ ወጪ ትረሳለህ።»

«ትራንስፖርት አለ። የመቁረጫው ምላጭ ያልቃል። አንድ ሺህ አራት መቶ በይው።»

«አሥራ ስምንት ሺህ ይተርፈዋል» አለች ወዲያው፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሒሳብ ሲገጥምላት ፊቷ ይፈካል፤ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን መሰለች። «ቀላል ነው። ከዚያስ? ጥያቄው ምንድነው?»

ረጀብ አሁንም ኳስ የሚያንጥሩትን ልጆች ያያል።

«አባዬ፣ ጥያቄው ምንድነው?»

ረህማ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። የጻፈችውን ከላይ ጀምራ አነበበችው። ፈገግታዋ በአንዴ አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው ከፊቷ የሄደው።

«ወረቀቱ ላይ ሦስት ሺህ ነው የሚለው» አለች።

«አዎ።»

«ይሄ ስድስት እጥፉ ነው።»

«አዎ።»

«እጅህስ?»

«ደህና ነው።»

ረህማ እርሳሷን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። «ሰዎቹ ናቸው የዋሹት» አለች። ጥያቄ አልነበረም። መውጫ ቀዳዳ እየሰጠችው ነበር፤ እሱም አውቆታል። ሀጂ ሸዕባን አለ፣ ዓሹር አለ፣ እኔም አለሁ። ሁሉንም በኛ ላይ ቢያላክከው ማናችንም አንቀየመውም ነበር።

«እኔ ነኝ ያስዋሸኋቸው» አለ። «እናትሽ እውነቷን ነው።»

ረህማ አላለቀሰችም። የምግቡን ዕቃ ወደሷ ሳበችና ክዳኑን ገጠመች። አንደኛው ጥግ እምቢ አላት፤ ሁለቱን እጆቿን ጭና ተጫነችው፤ ገጠመ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ከፊቱ አነሳች።

«ይሄ አያስፈልግህም» አለች።

«ረህማ...»

«መምህሬን አባቴ ስለታመመ ነው የማቋርጠው አልኩት» አለች። «ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። መርየም አቅፋኝ አለቀሰች።»

ረጀብ አንገቱን ደፋ። 'እናትሽ ስለከሰሰችኝ' ማለት አማረው፤ ማፈሩ ግን ከለከለው። ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ አንድ አባት ልጁን ስልክ አስይዞ ያንጎላጃል። ረጀብ በሕይወቱ በማንም ቀንቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በዚያ ሰውዬ ግን ቀና።

«ብዕር አለሽ?» አላት በመጨረሻ። «እርሳስ ይጠፋል።»

ሳታየው ብዕር ሰጠችው። ደብተሩን ወደሱ አዙሮ ከሒሳቡ ሥር መጻፍ ጀመረ፤ 'ይህ የኔ ገቢ ነው። የገቢ ማጣሪያው ላይ የተጻፈው ትክክል አይደለም።' ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ። መታወቂያውን አውጥቶ አሥራ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ገለበጠ። ቀኑን ጻፈ፤ ፈረመ። ይህን ሲያደርግ እጁ ፍጹም አልተንቀጠቀጠም። ጠበቃ ፊክሪ ይህን ቢያይ ፀጉሩን ይነጭ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለትም ያንን ነው ያደረገው፤ ግን እሱ የማክሰኞ ወሬ ነው።

«ይሄን ለእናትሽ ስጪያት» አለ። «ጠበቃዋ ለዳኛው ታሳየው። ወደ ማታ ትምህርትሽም ነገውኑ ትመለሻለሽ።»

ረህማ ገጹን በጥንቃቄ፣ ጠርዙ ሳይቀደድ፣ ከደብተሯ ለየችው። አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደሱ መልሳ ገፋችው።

«እኔ አልሰጣትም» አለች። «ራስህ ስጣት።»

ረጀብ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ከሩብ ነበር። እስከ አሥራ ሁለት ድረስ ያለው ጊዜ የሱ ነው፤ ፍርድ ቤት የፈቀደለት፣ ማንም ሊቀንስበት የማይችል። ኢብቲሳም ከማዶ አጥሩ ላይ እንደተቀመጠች ነው፤ ሲወጣ ሊሰጣት ይችላል። ግን ራሱን ያውቀዋል። አርባ አምስት ደቂቃ እዚህ ከተቀመጠ ሺህ ምክንያት ይመጣለታል፤ አንዴ ጠበቃውን ላማክር ይላል፣ አንዴ በሚቀጥለው ዓርብ ይሻላል ይላል፣ ወረቀቱም ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ሳያጥፈው ያዘውና ተነሳ። ረህማን ሊስማት ጎንበስ አለ፤ አልከለከለችውም፣ አልሳመችውምም።

በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ መዝገቧን ገልጣ ሰዓቷን አየች። «ጊዜህ እኮ አላለቀም» አለችው። «ከወጣህ ደግሞ ተመልሰህ አትገባም፣ ደንቡን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ ረጀብ። መውጫው ላይ ፈርሞ መንገዱን ተሻገረ።